ሶሪያሲስና የቆዳ ነርቮች፦ ማሳከኩ ራሱ የበሽታው አካል ነው

ሶሪያሲስ፣ ማለትም ቅርፊት ያለው ሽፍታ የሚያወጣ ሥር የሰደደ የቆዳ በሽታ፣ ያለበት ሰው በአደጋ ወይም በቀዶ ሕክምና ምክንያት የአንድ አካባቢ የስሜት ነርቭ ሲቆረጥበት፣ ስሜት ባጣው ቆዳ ላይ የነበረው ሽፍታ ሊጠፋ ይችላል። በሌላው በኩል ያለው ግን እንዳለ ይቆያል። ነርቩ ቀስ ብሎ አድጎ ስሜቱ ሲመለስ ሽፍታውም አብሮ ይመለሳል። እንዲህ ያሉ ታካሚዎች በሕክምና መጽሔቶች ላይ በተደጋጋሚ ተመዝግበዋል። አዲስ ቅባት አልተቀቡም፣ ክኒን አልቀየሩም፤ የተለወጠው የነርቩ ነገር ብቻ ነው።

ይህ ምልከታ ለብዙ ዓመታት ዳር ተቀምጦ ቆይቷል። ሶሪያሲስ መጀመሪያ የቆዳ ሴሎች በሽታ፣ በኋላ ደግሞ የሰውነት መከላከያ ሥርዓት በሽታ ተብሎ ሲጠና፣ ነርቭን የሚያነሳ ሰው ጥቂት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1986 የስታንፎርዱ የቆዳ ሐኪም ዩጂን ፋርበርና ባልደረቦቹ ሁለት ነገሮችን አያይዘው አነሱ። አንደኛ፣ ሽፍታው ብዙ ጊዜ ግራና ቀኝ እኩል ይወጣል፤ ሁለቱም ክርን፣ ሁለቱም ጉልበት። ሁለተኛ፣ ጭንቀት ሲበረታ ይባባሳል። ሁለቱንም በአንድ ሊያስረዳ የሚችለው የነርቭ ጫፎች ቆዳ ውስጥ የሚለቁት ኬሚካል ነው ብለው ጠረጠሩ። ጥርጣሬያቸው ፍሬ አፍርቷል። አራት ኪሎም ሆነ ፒያሳ ተቀምጦ በየሌሊቱ ክርኑን ለሚያክ ሰው የዚህ እውቀት ጥቅም ቀላል አይደለም፤ ምን መቀባት፣ ምን መተው፣ ገላን እንዴት መታጠብ እንዳለበት ድረስ ይለውጣል።

ነርቩ ወደ ኋላም ይናገራል

ስለ ሕመም፣ ስለ ማቃጠልና ስለ ማሳከክ የሚነግሩን ነርቮች በጣም ቀጫጭን ናቸው። ሴሎቻቸው አከርካሪ አጠገብ ተቀምጠው፣ ጫፎቻቸው እስከ ላይኛው የቆዳ ሽፋን ድረስ ይዘልቃሉ። ሥራቸው ወሬ ወደ አንጎል ማድረስ ብቻ ይመስለናል። ግን ነርቩ ሲነካ ጫፎቹ እዚያው ቆዳ ውስጥ ሰብስታንስ ፒ እና ሲጂአርፒ የሚባሉ ትንንሽ የፕሮቲን ቁራጮችን ይለቃሉ። ሲጂአርፒ የደም ሥሮችን በኃይል ያሰፋል። ሰብስታንስ ፒ ደግሞ ማስት ሴል የሚባሉትን የመከላከያ ሴሎች ቀስቅሶ የያዙትን እንዲያፈሱ ያደርጋል። ክንዳችሁን በጥፍር ጫር ብታደርጉ ከመስመሩ አልፎ በዙሪያው የሚዛመተው መሞቅና መቅላት የዚሁ ሥራ ነው።

ሶሪያሲስ ውስጥ ነገሩ ከዚህ ይጠልቃል። እ.ኤ.አ. በ2014 ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣ የሃርቫርድ ሕክምና ትምህርት ቤት ጥናት፣ አይጦች ቆዳ ላይ ኢሚኪሞድ የሚባል ክሬም በመቀባት ሶሪያሲስ መሰል ብግነት (የቆዳ መቅላት፣ መሞቅና ማበጥ) አስነሣ። የሕመም ነርቮቻቸው አስቀድሞ እንዲጠፉ በተደረጉት አይጦች ላይ ግን ብግነቱ እጅግ ቀነሰ። በአጉሊ መነጽር ሲታይ ዴንድሪቲክ ሴሎች፣ ማለትም ለመከላከያ ሥርዓቱ ምልክት የሚሰጡት ሴሎች፣ ነርቩን ተጠግተው ተገኙ። ነርቩ ከሌለ እነዚህ ሴሎች ኢንተርሉኪን 23 የሚባለውን መልእክተኛ በበቂ መጠን አያመርቱም። ተመራማሪዎቹ ኢንተርሉኪን 23ን ራሱን በመርፌ ሲሰጡ ደግሞ ነርቭ በሌለበትም ብግነቱ ተነሣ። ይህች የመጨረሻዋ ሙከራ ናት ለእኔ ከሁሉ የበለጠ የምታሳምነኝ፤ ነርቩ በሰንሰለቱ ላይ የት ቦታ እንደተቀመጠ በትክክል ታሳያለችና። እ.ኤ.አ. በ2019 ሌላ ቡድን የአይጥ የቆዳ ነርቮችን በብርሃን ብቻ ቀስቅሶ፣ ምንም ጀርም ወይም መርዝ ሳይኖር፣ ያንኑ ዓይነት ብግነት ማስነሣት እንደሚቻል አሳየ። ብርሃኑ ካረፈበት አጠገብ ያለው ቆዳም ተቀስቅሶ ተገኝቷል።

ከኢንተርሉኪን 23 በኋላ ያለው መንገድ በደንብ የታወቀ ነው። ቲ ሴል ከሚባሉት የመከላከያ ሴሎች የተወሰኑት ኢንተርሉኪን 17 የሚባል ሌላ መልእክተኛ ያመርታሉ፤ እሱ የላይኛውን ቆዳ ሴሎች ያስቸኩላል፤ በጤናማ ቆዳ 28 ቀን ገደማ የሚፈጀው የሴል ጉዞ ወደ 3 እና 5 ቀን ያጥራል። ሳይበስሉ የሚደርሱት ሴሎች ተደራርበው ቅርፊት ይሆናሉ። እነዚሁ የተቸኮሉ ሴሎች ደግሞ የነርቭ ማሳደጊያ ፕሮቲን በብዛት ያመርታሉ፤ ነርቮቹም ስሜታቸው ይስላል፣ ይበዛሉ። የበለጠ ያሳክካል፣ የበለጠ ይታከካል፣ ነርቩ የበለጠ ይለቃል። ክቡ የሚዘጋው እዚህ ላይ ነው።

አንድ ነገር ሳይዛባ መቀመጥ አለበት። ነርቭ ብቻውን ሶሪያሲስን አይፈጥርም። የዘር ተጋላጭነት አለ፣ የመከላከያ ሥርዓቱ ስሕተት አለ፣ የጉሮሮ ኢንፌክሽንም ብዙ ወጣቶች ላይ ድንገት ይቀሰቅሰዋል። ኢንተርሉኪን 17ን ወይም 23ን የሚዘጉ መርፌዎች ነርቩን በቀጥታ ሳይነኩ ቆዳውን በደንብ ያጠራሉ። ነርቩ የሚያቀጣጥል እንጂ ብቸኛው ጥፋተኛ አይደለም። በቤታችን፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ፣ በየቀኑ ልንነካው ወይም ልናሳርፈው የምንችለው ግን እሱ ነው።

ከሁለት ሳምንት በፊት ምን ሆኖ ነበር?

እ.ኤ.አ. በ1872 ጀርመናዊው ሐኪም ሃይንሪሽ ኮብነር ሶሪያሲስ ያለበት ሰው ጤናማ ቆዳው ሲጎዳ በጉዳቱ መስመር ልክ አዲስ ሽፍታ እንደሚወጣ ገለጸ። ከታካሚዎች ሩቡ ገደማ ይህ ይደርስባቸዋል። ብዙ ጊዜ የሚወጣው ከጉዳቱ ከ10 እስከ 20 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ለዚህም ነው ሰው ምክንያቱን የሚስተው፤ ትናንት የበላውን ይወቅሳል እንጂ የዛሬ ሁለት ሳምንት ቀበቶው ወገቡን እንደላጠው አያስታውስም። አዲስ ቦታ ላይ ስታዩት ካሌንደር አውጥታችሁ ወደ ኋላ ቁጠሩ።

አዲስ አበባ ላይ ይህን የሚያስነሡ ነገሮች የታወቁ ናቸው። ጠብቆ የተሠራ ሹሩባ ግንባር ዳርና ከጆሮ ጀርባ ቆዳውን ስቦ ያቆየዋል፤ የራስ ሶሪያሲስ ያለባት ሴት ላላ አድርጋ ብትሠራ፣ ሽፍታው በተቀሰቀሰበት ሰሞን ደግሞ ባትሠራ ይሻላል። የፀጉር ማለስለሻ ኬሚካል ከዚህ ይብሳል። ለጋ ቅቤ መቀባት ቅርፊቱን ያለሰልሳል፣ ያን ያህል ጉዳት የለውም፤ ብግነቱን ግን አያጠፋም፣ ስለዚህ መድኃኒቱን ሊተካ አይችልም። ንቅሳት፣ አዲስ የጆሮ ቀዳዳ፣ የሚያጠብቅ ጫማ፣ ጣትን የሚፈትግ የእጅ ልብስ እጥበት ሁሉም እዚሁ ውስጥ ይገባሉ።

ስግደትም አለ። በዐቢይ ጾም፣ በተለይ በሰሙነ ሕማማት፣ ጉልበትና ግንባር በቀን ብዙ ጊዜ ወለል ይነካል፤ በሶላት ላይም እንዲሁ። ጉልበቱ ላይ ሽፍታ ያለበት ሰው መስገዱን እንዲተው አይነገረውም። ጋቢ አራት እጥፍ አድርጎ ከጉልበት ሥር ማንጠፍ፣ ከስግደቱ በፊት ጉልበት ላይ ቫዝሊን መቀባት፣ ልብሱ ሸካራ ከሆነ ከውስጥ ለስላሳ ጥጥ መልበስ መፈተጉን ይቀንሳል። እዚህ ላይ ግን አደጋ አለ፦ ቫዝሊን የጠጣ ነጠላ ወይም ጋቢ እሳት ሲነካው ቶሎ ይቀጣጠላል። ጧፍ አጠገብ፣ ከሰል ምድጃ አጠገብ ተጠንቀቁ፤ ልብሱንም ቶሎ ቶሎ እጠቡ።

ቅርፊቱን በጥፍር ማንሣት ከሁሉ የከፋው ነው። ቅርፊቱ ሲፋቅ እንደ ጧፍ ሰም እየተላጠ ይረግፋል፤ ሥሩ ላይ ደግሞ የመርፌ ጫፍ የምታህል የደም ነጥብ ይወጣል። ሐኪም አንድ ጊዜ አድርጎ በሽታውን ለመለየት ሊጠቀምበት ይችላል። በየቀኑ የሚያደርገው ሰው ግን በየቀኑ ነርቩን እየቀሰቀሰ ነው። በእግር መፈተጊያ ድንጋይ ወይም በሸካራ የገላ መረብ መፈተግም ልዩነት የለውም።

ነጭ ሽንኩርት፣ ፌጦና በርበሬ

ሽፍታው ሲወጣ ጎረቤት መጀመሪያ የሚያመጣው ነጭ ሽንኩርት ነው፤ ከዚያ ፌጦ በሎሚ፣ ከዚያ የብሳና ቅጠል። የሚያመጡት በፍቅር ነው፣ «ጭርት ነው» ወይም «ምች ነው» ብለው። ችግሩ እነዚህ ነገሮች የሚያቃጥሉት በአጋጣሚ አለመሆኑ ነው። የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ ውስጥ ያሉት የሚነድፉ ኬሚካሎች በነርቩ ጫፍ ላይ ያሉትን የአደጋ በሮች በቀጥታ ይከፍታሉ። «እያቃጠለ ነው፣ እየሠራ ነው» የምንለው ስሜት ነርቩ ሰብስታንስ ፒ እየለቀቀ ነው ማለት ነው። ነጭ ሽንኩርት በጨርቅ ታስሮ ካደረ ደግሞ ቆዳውን አቃጥሎ ውኃ ይቋጥራል፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሽፍታው ድሮ ከነበረው ስፋት አልፎ በታሰረው ጨርቅ ልክ ሊወጣ ይችላል።

በርበሬን የሚያስቃጥለው ካፕሳይሲን ነው። አሜሪካዊው ሳይንቲስት ዴቪድ ጁሊየስ እ.ኤ.አ. በ1997 ካፕሳይሲን የሚከፍተውን የነርቭ በር ለየ፤ በ2021 ለዚህ ሥራ የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት አንዱ ሆነ። ያው በር ከ43 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በላይ በሆነ ሙቀትም ይከፈታል። በ2014ቱ ጥናት የጠፉት ነርቮችም ይህን በር የያዙት ናቸው።

ታዲያ ካፕሳይሲን ለሶሪያሲስ ተሞክሮ ያውቃል፣ ጠቅሟልም። እ.ኤ.አ. በ1993 በታተመ ጥናት የሚያሳክክ ሶሪያሲስ ያለባቸው 197 ሰዎች 0.025 በመቶ ካፕሳይሲን ያለበት ክሬም ወይም መድኃኒት የሌለበት ክሬም በቀን 4 ጊዜ ለ6 ሳምንት ተቀቡ። ካፕሳይሲን የተቀቡት ማሳከካቸውም ሽፍታቸውም የተሻለ ቀነሰ። ይህን የሰማ ሰው በርበሬ በዘይት ለውሶ ይቀባል። አያዋጣም፣ ምክንያቱም እንዲህ ነው፦ ጥቅሙ የሚመጣው በጣም አነስተኛና የታወቀ መጠን፣ ሳይቋረጥ፣ በቀን ብዙ ጊዜ ሲቀባ ነርቩ የያዘውን ጨርሶ ስለሚዝል ነው። በቀን አንዴ፣ ወይም ዛሬ ተቀብቶ ነገ ተትቶ ሲሆን፣ ነርቩ ይቀሰቀሳል እንጂ አይዝልም። የሚጥሚጣና የበርበሬ ኃይል ደግሞ ከዛላ ዛላ ይለያያል፤ መጠኑን የሚያውቅ የለም። በሐኪም የታዘዘ ክሬምም ቢሆን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያቃጥላል፣ የተሰነጠቀ ቆዳ ላይ አይቀባም፣ ከተቀቡ በኋላ እጅ ሳይታጠቡ ዓይን መንካት አይቻልም።

እጃቸው ላይ ሶሪያሲስ ያለባቸው ሰዎች ዛላ በርበሬ ሲቀነጥሱና ሲያዘጋጁ ጓንት ያድርጉ። ካፕሳይሲን በውኃ አይሟሟም፤ በዘይት ነው። ስለዚህ እጃችሁ ከተቃጠለ መጀመሪያ የምግብ ዘይት አሽታችሁ በወረቀት ጥረጉት፣ ከዚያ በሳሙናና በቀዝቃዛ ውኃ ታጠቡ፣ በመጨረሻ ቫዝሊን።

ነርቩን የሚያሳርፍ የቀን ተቀን ሥራ

ማሳከክ ሲጠና ብዙ ሰው የሚያደርገው በጣም ሙቅ ውኃ ማፍሰስ ነው። ለጊዜው ያረካል፤ ሕመም ማሳከክን ስለሚሸፍን ነው። ግን ያው የሙቀት በር ተከፍቷል፣ የቆዳው ቅባትም ታጥቦ ሄዷል፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ብሶ ይመለሳል። ውኃው ለብ ያለ ይሁን፣ ከ10 ደቂቃ አይብለጥ፣ ሳሙናው ሽታ የሌለውና ለስላሳ ይሁን። ፎጣውን እያስጠጉ ማድረቅ እንጂ መፈተግ የለም። ቆዳው ገና እርጥበት እያለው፣ በ3 ደቂቃ ውስጥ፣ ተራ ቫዝሊን ወደ ፀጉሩ አቅጣጫ ቀቡ። ሽፍታው ሰፊ ለሆነበት ትልቅ ሰው በሳምንት 250 ግራምና ከዚያ በላይ ያስፈልጋል፤ ትንሿ ብልቃጥ ወር ከቆየች የተቀባው በቂ አይደለም። ሽታ ያላቸው ሎሽኖች የተሰነጠቀ ቆዳ ላይ ይነድፋሉ፤ ውድ መሆናቸው ምንም አይጨምርም። በከተማችን ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ደረቅና ብርዳማ አየር ቆዳውን ስለሚያደርቀው፣ በዚያ ወቅት ጠዋትና ማታ መቀባት ግድ ነው።

ሌሊት ማሳከኩ የሚብሰው የቆዳው ሙቀት ስለሚጨምርና ሐሳብን የሚወስድ ሌላ ነገር ስለሌለ ነው። ከባድ ብርድ ልብስ በቀጥታ ቆዳ ላይ አታድርጉ፤ ከሥሩ የጥጥ አንሶላ ይሁን። ጥፍር አጭር ይሁን። ማከክ ሲያምራችሁ በቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ያዙበት፤ ቅዝቃዜ የሚሄድበት የራሱ የነርቭ በር ስላለው የማሳከኩን ስሜት ያዳክማል። 1 በመቶ ሜንቶል ያለው ክሬምም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው፤ የተላጠ ቦታ ላይ ግን ይነድፋል።

የአለርጂ ክኒን ለምን እንደማይሠራ ብዙ ሰው ይጠይቃል። የሶሪያሲስ ማሳከክ በአብዛኛው በአለርጂው ኬሚካል በሂስታሚን የሚመጣ አይደለምና እንደ ሴቲሪዚን ያለ የአለርጂ ክኒን የሚይዘው ነገር የለም። እንቅልፍ የሚያመጡት የቆዩት ዓይነቶች ሌሊቱን ለማሳለፍ ይረዳሉ፣ እሱም በማስተኛታቸው ነው። ማሳከኩ ከሁሉ በላይ ለከበደባቸው ሰዎች ሐኪም እንደ ጋባፔንቲን ያለ በቀጥታ ነርቭ ላይ የሚሠራ መድኃኒት ሊያዝ ይችላል።

ብግነቱን የሚያጠፋው ግን አሁንም የስቴሮይድ ቅባቱ ነው፣ ሰዎች የሚሳሳቱትም እሱ ላይ ነው። መጠኑ በጣት ይለካል፦ ከትልቅ ሰው ሌባ ጣት ጫፍ እስከ መጀመሪያው እጥፋት ድረስ ከቱቦው የወጣ መስመር ግማሽ ግራም ገደማ ሲሆን፣ ጣት የተዘረጋበት ሁለት መዳፍ የሚያክል ቦታ ይሸፍናል። እንደ ቤታሜታዞን ያሉ ጠንካሮቹ በቀን 1 ወይም 2 ጊዜ፣ ከ2 እስከ 4 ሳምንት፤ ፊት፣ ብብትና ጭን ሥር ላይ አይደለም። የተለመደው ስሕተት በአራተኛው ቀን ማቆም ነው። ማሳከኩ ከውፍረቱ ቀድሞ ይጠፋል፤ ሰውየው ዳንሁ ብሎ ይተዋል፤ ሽፍታው ይመለሳል። መለኪያው ዓይን ሳይሆን ጣት ይሁን፦ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ስትዳስሱት ከዙሪያው ቆዳ ጋር እኩል ሆኗል ወይ? እኩል ከሆነ ቅባቱን በአንዴ ከመተው ለተወሰኑ ሳምንታት በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ማድረግ መልሶ መነሣቱን ይቀንሳል። ጠይምና ጥቁር ቆዳ ላይ ጠፍጣፋ ጥቁር ወይም ነጣ ያለ ምልክት ለወራት ይቀራል። ያ ጠባሳ አይደለም፣ በሽታም አይደለም፤ በራሱ ይጠፋል። እሱን ለማጥፋት ስቴሮይድ መቀባት የቀጠለ ሰው ቆዳውን ያሳሳል፣ የደም ሥሩ እስኪታይ ድረስ።

ቅርፊቱ ወፍራም ከሆነ ቅባቱ ላዩ ላይ ይቀራል። ከ3 እስከ 6 በመቶ ሳሊሲሊክ አሲድ በቫዝሊን ተለውሶ ማታ ማታ ለጥቂት ቀናት ቢቀባ ቅርፊቱን ያለ ጥፍር ያወርደዋል። ካልሲፖትሪዮል የሚባለው ሌላ የሶሪያሲስ ቅባት የታዘዘለት ሰው ግን ሁለቱን በአንድ ላይ አይቀባ፤ አሲዱ ካልሲፖትሪዮልን ያበላሸዋል። የብርሃን ሕክምና ከመውሰድ በፊትም አሲዱ አይቀባም፣ ብርሃኑን ይጋርዳልና።

ስቴሮይድ ስለሆነው ስለ ዴክሳሜታዞን መርፌ አንድ ቃል፦ አትወጉ። በሁለት ቀን ውስጥ ቆዳው ያምራል፣ ኃይሉ ሲያልቅ ሽፍታው ከበፊቱ ብሶ ይመለሳል፤ አንዳንዴ መላ ሰውነት ላይ መግል የቋጠሩ ነጠብጣቦች ሆኖ፣ ሆስፒታል በሚያስተኛ ደረጃ። የስቴሮይድ ክኒንም እንዲሁ።

ፀሐይ ትረዳለች። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሆነች ግን የእኩለ ቀን ፀሐይ ኃይለኛ ናት፤ ያቃጠለች ፀሐይ ደግሞ ራሷ አዲስ ሽፍታ ታወጣለች። ከጠዋቱ 3 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ በ5 ደቂቃ ጀምራችሁ ቀስ በቀስ እስከ 15 እና 20 ደቂቃ አድርሱት። ቆዳው ካቃጠላችሁ አልፋችኋል። ክረምት ላይ ደመናው ሲበዛ ብዙ ሰው የሚባባስበት አንዱ ምክንያት ይህን ማጣት ነው።

ነርቩን ማደንዘዝስ?

ነርቩ ይህን ያህል ድርሻ ካለው ለምን አይዘጋም የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። ቦቱሊነም ቶክሲን፣ ሰዎች ቦቶክስ የሚሉት፣ ነርቭ ኬሚካል እንዳይለቅ ይይዛል፤ አይጦች ላይ ብግነቱን ቀንሷል። እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመ አነስተኛ የሰዎች ሙከራ ግን አንድ ጊዜ የተሰጠ መርፌ የተለመደውን ሶሪያሲስ አላሻለም። የነርቭ ማሳደጊያ ፕሮቲኑን ተቀባይ የሚዘጋ ቅባት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ ሙከራ ማሳከኩን ቀነሰ፣ ሽፍታውን ራሱን ግን ከባዶ ቅባት በተሻለ አላጠፋም። እኔ ከዚህ የምወስደው፣ ሰው ላይ በሽታው ሥር ከሰደደ በኋላ የመከላከያ ሴሎቹ እዚያው ቆዳ ውስጥ ሰፍረው ያለ ነርቩ ቅስቀሳም መቀጠል ይችላሉ የሚለውን ነው። ስለዚህ «ለሶሪያሲስ ነርቭ የሚያደነዝዝ መርፌ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቢመጣ ገንዘባችሁን ያዙ።

ጭንቀትን በተመለከተ አንድ ጥናት ብቻ ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመ ነው፤ 37 ታካሚዎች የብርሃን ሕክምና ሲወስዱ፣ ከፊሎቹ በዚያው ሰዓት በቴፕ የተቀረጸ የእርጋታና የአተነፋፈስ መመሪያ ያዳምጡ ነበር። ያዳመጡት ቆዳቸው በጣም ፈጥኖ ጠራ። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ግን ዋጋ የማይጠይቅ ነገር ነው። ጸሎትም፣ በጠዋት የእግር ጉዞም፣ በቂ እንቅልፍም የሚያሳርፉት ያንኑ ነርቭ ነው። ጠበል የሚሄድ ሰው መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ይሂድ። ሜቶትሬክሴት የሚባለውን የሶሪያሲስ መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ ደግሞ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ መሆኑን ለቤተሰቡም ይንገር፤ በየቀኑ የተወሰደ ሜቶትሬክሴት ይገድላል፣ ኮትሪሞክሳዞል ከሚባለው አንቲባዮቲክ ጋርም አደገኛ ነው።

ስሜት አለ ወይስ የለም

አገራችን ላይ ቆዳ ላይ የወጣ ምልክት ሁሉ የሥጋ ደዌ ፍርሃት ይዞ ይመጣል። ሰዎች ተደብቀው ይኖራሉ፣ ትዳር ይፈርሳል። ነርቩ እዚህም ይረዳናል። የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ ነርቭን ይጎዳል፤ ምልክቱ ብዙ ጊዜ ስሜት የሌለው ወይም ስሜቱ የቀነሰ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜም አያሳክክም። ሶሪያሲስ ላይ ነርቩ ሕያው ነው፣ እንዲያውም ከመጠን በላይ ነቅቷል። ንጹሕ ጥጥ ውሰዱ፣ ጫፉን በጣት አሹሉት። ሰውየው ዓይኑን ይጨፍን። መጀመሪያ ጤናማ ቆዳ ላይ፣ ከዚያ ምልክቱ ላይ፣ ሳትፈትጉ ነካ ብቻ አድርጉና የተነካበትን በጣቱ እንዲያሳይ ጠይቁት። ወፍራም ቅርፊት ላይ ስሜቱ ሊቀንስ ስለሚችል ቅርፊቱ ሳሳ ባለበት ዳር ላይ ሞክሩ። ደጋግሞ ካልተሰማው፣ ወይም እጅና እግሩ ከደነዘዘ፣ ሳይዘገይ ሐኪም ይየው፤ የሥጋ ደዌም ቢሆን በነጻ በሚሰጥ መድኃኒት የሚድን ነው። ዘነበወርቅ ያለው አለርት ሆስፒታል ሁለቱንም በሽታዎች ለረጅም ዓመታት ሲያክም የኖረ ነው። ሶሪያሲስ ደግሞ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ በአንድ ማዕድ መብላት፣ አብሮ መተኛት፣ ልብስ መዋዋስ አያስይዝም።

የመጽሐፍ ሥዕሎች ቀይ ሽፍታ ያሳያሉ። እኛ ቆዳ ላይ ወይን ጠጅ፣ ጠቆር ያለ ቡናማ ወይም ግራጫ ነው፣ ቅርፊቱም አመድማ። በዚህ የተነሣ ከችፌና ከጭርት ጋር ይምታታል፤ ለወራት የፈንገስ ቅባት ሲቀባ የኖረ ሰው ብዙ ነው። ጠርዙ ጥርት ብሎ የተለየ፣ ግራና ቀኝ እኩል የወጣ፣ እምብርት ውስጥ ወይም ከጆሮ ጀርባም ያለ፣ ጥፍር ላይ የመርፌ ቀዳዳ የመሰሉ ጎድጓዶች ያሉት ከሆነ ሶሪያሲስን አስቡ። ጠዋት ጠዋት መገጣጠሚያ የሚያስር ከሆነ ወይም ጣት እንዳለ ካበጠ ቀጠሮ አታራዝሙ፤ መገጣጠሚያው አንዴ ከተበላ አይመለስም።

ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ስሙን ጽፋችሁ ያዙ። ለደም ግፊት የሚሰጠው ፕሮፕራኖሎል፣ ለአእምሮ ሕመም የሚሰጠው ሊቲየም፣ ለወባ የሚሰጠው ክሎሮኪን ሶሪያሲስን ያባብሳሉ፤ በራሳችሁ ግን አታቋርጡ። ሽፍታውን ሐኪሙ በዓይኑ ያየዋል፣ ይለካዋል። ማሳከኩን ግን ካልነገራችሁት አያየውም። ባለፉት 7 ቀናት በጣም የከፋው ማሳከክ ከ0 እስከ 10 ስንት እንደነበረ፣ በሌሊት ስንት ጊዜ እንደቀሰቀሳችሁ፣ ከማሳከክ ይልቅ ማቃጠል ወይም መውጋት የሚሰማችሁ ቦታ ካለ የትኛው እንደሆነ በየቀኑ ስልካችሁ ላይ መዝግቡና አሳዩት። ቅባቱ ሽፍታውን አሳስቶ ቁጥሩ ከ7 ካልወረደ፣ ሕክምናው ገና ይቀረዋልና በግልጽ ንገሩት።